የመምህሩ የጡረታ መውጫ ጊዜ፤ በ55 ወይስ በ60 ዓመት?

ጡረታ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በጉልበቱና በዕውቀቱ ሲያገለግል ከቆየ በኋላ ቀሪ ዘመኑን የሚደገፍበት መብት እንጂ ችሮታ አይደለም። አሁን ባለው ሥርዓት ሠራተኛው ከወር ደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው መሥሪያ ቤት ደግሞ 11 በመቶ ለጡረታ ፈንድ ያዋጣሉ። ይሁን እንጂ ብዙ መምህራን ስለ ጡረታቸው በሚገባ ማሰብ የሚጀምሩት የመሰናበቻ ደብዳቤ ሊደርሳቸው ጥቂት ወራት ሲቀሩ ነው። በዚያን ጊዜ የሚመረጥ ነገር አይኖርም። ምርጫው የሚገኘው ቀደም ብሎ፣ በ55 እና በ60 ዓመት ዕድሜ መካከል ባሉት አምስት ዓመታት ውስጥ ነው። ከዚህ በታች ያለው ማብራሪያ ይህ ምርጫ በምን ላይ እንደሚመሠረት በሒሳብ አስደግፎ ያሳያል።

1. የሕጉ መሠረት

ቀደም ባለው ጊዜ የሲቪል ሠራተኞች የጡረታ መውጫ ዕድሜ 55 ዓመት ነበር። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 ዕድሜውን 60 ዓመት አድርጎ ሲደነግግ፣ ቢያንስ 25 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ከመውጫ ዕድሜው እስከ 5 ዓመት ቀደም ብሎ በፈቃዱ ሥራውን ቢለቅ አበሉን ወዲያው እንዲያገኝ ፈቅዷል። ይህ አዋጅ በ2014 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1267 ተተክቷል፤ የመደበኛው መውጫ ዕድሜ ግን 60 ዓመት እንደሆነ ቀጥሏል።

2. የአበሉ አሰላል

ዘለቄታ ያለው የጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙን 30 በመቶ ያገኛል። ከ10 ዓመት በላይ ለተጨመረው ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት 1.25 በመቶ ይታከልለታል። ጠቅላላው ግን ከ70 በመቶ ሊበልጥ አይችልም፤ ወደዚህ ጣሪያ የሚደረሰው 42 ዓመት በማገልገል ነው። በ18 ዓመቱ ሥራ የጀመረ መምህር ሳያቋርጥ ቢያገለግል በ60 ዓመቱ ከጣሪያው ይደርሳል ማለት ነው።

እንግዲህ አበሉን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የአገልግሎት ዘመንና የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ደመወዝ። ብዙ ሰው ትኩረት የሚሰጠው ለመጀመሪያው ቢሆንም ይበልጥ የሚያመዝነው ሁለተኛው መሆኑን የሚከተለው ምሳሌ ያስረዳል።

3. ምሳሌ

በ25 ዓመቷ ሥራ የጀመረች አንዲት መምህርት 55 ዓመት ሲሞላት የ30 ዓመት አገልግሎት ይኖራታል። አማካይ ደመወዟ 10,000 ብር ነው እንበል። አበሏ 55 በመቶ፣ ማለትም በወር 5,500 ብር ይሆናል። እስከ 60 ዓመቷ ብትቆይ ድርሻዋ ወደ 61.25 በመቶ ከፍ ይላል።

ደመወዟ በአምስቱ ዓመታት ውስጥ ካልጨመረ አበሏ 6,125 ብር ይሆናል፤ ብልጫው 625 ብር ብቻ ነው። በ55 ዓመቷ ብትወጣ ኖሮ እስከ 60 ዓመቷ በጡረታ ታገኝ የነበረው 330,000 ብር ነው። ይህን ገንዘብ በወር 625 ብር ብልጫ ለመተካት 44 ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ በአበሉ ብቻ ከታየ መቆየቱ አያዋጣም።

በሌላ በኩል አማካይ ደመወዟ ወደ 12,000 ብር ቢያድግ አበሏ 7,350 ብር ይደርሳል። ብልጫው 1,850 ብር ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 1,225 ብር የተገኘው ከደመወዙ ዕድገት ነው። ያው 330,000 ብር በ15 ዓመት ገደማ ይተካል፤ ይኸውም ዕድሜዋ ወደ 75 ዓመት ሲቃረብ መሆኑ ነው።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። በደረጃ ዕድገት ወይም በደመወዝ ማስተካከያ ምክንያት ጭማሪ የሚጠባበቅ መምህር ከጭማሪው በኋላ ስንት ጊዜ እንደሚያገለግል ማስላት አለበት። የ3,000 ብር ጭማሪ አግኝቶ ከአንድ ዓመት በኋላ የሚወጣ ሰው አማካዩ የሚያድገው በ1,000 ብር ብቻ ነው፤ ሦስት ዓመት ሞልቶ ቢወጣ ግን ጭማሪው ሙሉ በሙሉ ይታሰብለታል።

4. ከአበሉ ባሻገር

ንጽጽሩ በሁለት አበሎች መካከል ብቻ ሊሆን አይገባም። በሥራ ላይ የቆየችው መምህርት በአምስቱ ዓመታት የምታገኘው ደመወዝ እንጂ አበል አይደለም። በምሳሌው መሠረት ልዩነቱ በወር 4,500 ብር ነው፤ ግብርና መዋጮ ሲቀነስ ያነሰ ቢሆንም ቀላል አይደለም። ቀድሞ የሚወጣ ሰው ይህን ጉድለት የሚሸፍን እርሻ፣ ንግድ ወይም ሌላ የገቢ ምንጭ እንዳለው አስቀድሞ ማረጋገጥ ይኖርበታል። «ከወጣሁ በኋላ እፈልጋለሁ» የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ጊዜ ለችግር ይዳርጋል።

የገበያው ሁኔታም መዘንጋት የለበትም። የጡረታ አበል ዋጋ በናረ ቁጥር በራሱ የሚጨምር አይደለም፤ ማስተካከያ የሚደረገው በመንግሥት ውሳኔ ነው። በዝቅተኛ አበል የጀመረ ሰው ለረጅም ዘመን በዚያው መሠረት ላይ ይኖራል።

ቤተሰብም አለ። ባለመብቱ ሲሞት የትዳር ጓደኛው የአበሉን 50 በመቶ፣ እያንዳንዱ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ 20 በመቶ ያገኛል። ስለሆነም አበሉን ከፍ ማድረግ የተተኪዎችንም ድርሻ ከፍ ማድረግ ነው። በአንጻሩ ጤናው የታወከ፣ ክፍል ውስጥ ቆሞ ማስተማር የከበደው መምህር በሒሳቡ ብቻ ተገዶ መቆየት የለበትም። ለእርሱም ለተማሪዎቹም ቀድሞ መውጣቱ ሊበጅ ይችላል።

5. ለዕቅድ አውጪዎች

የመምህራን ፍላጎት ትንበያ በአብዛኛው 60 ዓመት የሚሞላቸውን ብቻ ይቆጥራል። ነገር ግን 55 ዓመት የሞላውና 25 ዓመት ያገለገለ መምህር ሁሉ በማናቸውም ጊዜ ሊለቅ የሚችል ነው። በአንድ ወረዳ ነባር የሒሳብና የሳይንስ መምህራን በአንድ ዓመት ቢለቁ ተተኪ ለማሠልጠን ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ሁለቱን የዕድሜ ክልሎች ለየብቻ መዝግቦ መያዝ ይገባል።

ከሁሉም በላይ የግል ማኅደር መስተካከል አለበት። የመውጫ ዕድሜ የሚቆጠረው ሠራተኛው መጀመሪያ ሲቀጠር ባስመዘገበው የልደት ዘመን ነው። የቅጥር ደብዳቤ፣ የዝውውር ደብዳቤና የመዋጮ ማስረጃ የጎደለበት ማኅደር የአገልግሎት ዓመታትን ሊያሳጣ ይችላል፤ እያንዳንዱ የጠፋ ዓመት ደግሞ ዕድሜ ልክ 1.25 በመቶ ያስቀራል። መምህሩ 50 ዓመት ሲሞላው ማኅደሩን ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የሰው ኃይል ክፍል ጋር ቢመረምር፣ የጎደለውን ለማሟላት አሥር ዓመት፣ ቀድሞ መውጣት ቢፈልግ እንኳ አምስት ዓመት ይኖረዋል።