የመቃብር ድንጋይ አነባበብ በድሬዳዋ

ከመጋላ ወደ ከዚራ የሚሄድ ሰው ደጫቱን ይሻገራል። ባቡሩ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ድሬ ሲገባ ከተማዋ በዚህ አሸዋማ ወንዝ ግራና ቀኝ ተቆረቆረች። ከዚራ በፕላን ተነድፎ የባቡር ኩባንያው ሠራተኞችና የውጭ ዜጎች ሰፈሩበት፤ በመጋላ በኩል ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ ዓረቡ እየነገደና እየሠራ ሰፈሩን አቀና። ማን ከየት መጥቶ እዚህ እንደ ቀረ የሚመሰክሩት መቃብሮች ናቸው። ግን አነባበብ አላቸው።

መጀመሪያ የሚነበበው አቅጣጫው ነው። ሙስሊም ሲቀበር ጀናዛው በቀኝ ጎኑ ተኝቶ ፊቱ ወደ ቂብላ ይዞራል። ከድሬዳዋ መካ በሰሜን በኩል ስለሆነች ራሱ ወደ ምሥራቅ፣ እግሩ ወደ ምዕራብ ይሆናል። የኦርቶዶክስ ክርስቲያን አስከሬን ደግሞ በጀርባው ተኝቶ ራሱ ወደ ምዕራብ ይደረጋል፤ በትንሣኤ ቀን ሲነሣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ እንዲሆን ነው። የሁለቱም መቃብር በአንድ መስመር ይዘረጋል፤ የሚለያዩት ራስጌና ግርጌያቸው ነው። ጎን ለጎን በኖረ ሕዝብ ከተማ ይህን ሳስተውል ልቤ ይነካል።

በሙስሊሙ መቃብር ራስጌና ግርጌ ድንጋይ ቢተከልም ስም የሚጻፍበት ጥቂት ነው፤ መቃብርን ማስጌጥ አይወደድም። የማን እንደሆነ የሚያውቀው ቤተሰብ ነው። ሟቻቸውን የሚያቃጥሉ ሂንዱዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መቃብር የላቸውም።

ከእነዚህ ሁሉ የተለየው የድሬዳዋ የጦር መቃብር ነው። የደቡብ አፍሪካ ጦር ጣሊያንን እያባረረ ድሬዳዋ የገባው መጋቢት 20 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ከሦስት ቀን በፊት ሐረር ተይዛ ነበር። ከኬንያ ተነሥቶ በሞቃዲሾና በጅጅጋ የመጣው ይህ ዘመቻ የናይጄሪያና የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮችም ነበሩበት። መቃብሩን የሚያስተዳድረው በ1909 ዓ.ም. የተቋቋመው የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን ነው። ሐረርና አዲስ አበባ ጉለሌም የእሱ መቃብሮች አሉ።

የኮሚሽኑ ድንጋይ ልኩ በደንብ የተወሰነ ነው፦ የተለመደው ቁመቱ 81፣ ስፋቱ 38 ሴንቲ ሜትር ነው። ለጄኔራልም ለተራ ወታደርም ያው ነው። ከላይ የክፍለ ጦሩ ዓርማ፣ ቀጥሎ መለያ ቁጥር፣ ማዕረግ፣ ስም፣ የሞተበት ቀንና ዕድሜው፣ ከዚያም የሃይማኖቱ ምልክት ይቀረጻል። ከሥር ቤተሰብ የሚያስጽፋት አጭር ቃል ትኖራለች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ይህች ቃል ከ66 ፊደል እንዳታልፍ ተወስኖ ነበር፤ ልጇን ያጣች እናት ኀዘኗን በዚያች ልክ መጥና ማስገባት ነበረባት።

ለሁሉም እኩል ድንጋይ የሚለው መርሕ ግን ሁሉም ጋ አልደረሰም። ኮሚሽኑ ራሱ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው ጥናት፣ በአንደኛው ጦርነት የሞቱ ቁጥራቸው ከ100 ሺህ የሚበልጥ፣ በተለይ የምሥራቅ አፍሪካና የግብፅ ተወላጆች፣ በስማቸው ሳይታሰቡ እንደ ቀሩ አምኖ ይቅርታ ጠይቋል። ጭነት ተሸክመው ያለቁት ብዙዎቹ ስማቸው እንኳ አልተመዘገበም። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው፦ ተቋም የሚጠብቀው መቃብር ስሙ ሲቆይ፣ ቤተሰብ ብቻ የሚያውቀው ቤተሰቡ ሲበተን አብሮ ይጠፋል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ደጫቱ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ሲገድል ቤተሰባቸው አብሮ ያለቀባቸው ነበሩ።

በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የማይንቀሳቀስ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከቦታው ማንሳት ክልክል ነው። በመቃብር ድንጋይ ላይ ያለውን መመዝገብ ግን ማንም ይችላል። ጧት ወይም አመሻሽ ላይ፣ ጸሐይዋ ድንጋዩን በአግድም ስትመታው፣ ያረጀ ፊደል ጥላ ጥሎ ይታያል፤ ፎቶ የሚነሣው ያኔ ነው። የሽቦ ብሩሽና በረኪና አይነካውም፣ ድንጋዩን ይበላሉና። ስሙን፣ ቀኑን፣ የተጻፈበትን ቋንቋ እንዳለ ይገለብጡታል። ጽሑፍ የሌለው ከሆነ የአካባቢውን ሽማግሌ ጠይቀው፣ የነገሩትን ከተናጋሪው ስምና ከቀኑ ጋር ያሰፍሩታል።