ባለዘንግ ፍሬን፦ የአሮጌ ብስክሌት ክፍሎች ስያሜና አገባብ

የብስክሌት ቃላት በአማርኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ያላቸው ስፍራ አነስተኛ ነው። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ሞላና ዳዶ ከጣሊያንኛ ገብተው በየጋራዡ ስለሚነገሩ ትርጉማቸው አይጠፋም፤ ችግሩ የሚመጣው ጠጋኙ በጣቱ የሚያመለክተውን፣ በስሙ ግን የማይጠራውን ዕቃ በጽሑፍ መግለጽ ሲያስፈልግ ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ሆኖ ያገኘነው በእንግሊዝ አሮጌ ራሌዎች፣ እንዲሁም ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቲያንጂን በተሠሩት የቻይና «በራሪ እርግብ» ብስክሌቶች ላይ የሚታየው ፍሬን ነው።

ይህ ፍሬን የእጅን ኃይል የሚያስተላልፈው በገመድ ሳይሆን በብረት ዘንግ ነው። እንግሊዞች በዘንጉ፣ ጣሊያኖችም «ባኬታ»፣ ማለትም በትር፣ በሚለው ቃል ስለ ሰየሙት እኛም «ባለዘንግ ፍሬን» ማለትን መርጠናል። በሽፋን ውስጥ የሚንሸራተተው የሽቦ ገመድ እ.ኤ.አ. በ1896 በኧርነስት ቦውደን ስም የፈጠራ መብት ካገኘ በኋላ ቀስ በቀስ ቦታውን ቢወስድበትም፣ ዘንጉ በከባዶቹ የዘወትር ብስክሌቶች ላይ ለረጅም ዘመን ቆይቷል።

አሠራሩ የሚከተለው ነው። ከመሪው ሥር ትይዩ ሆኖ የተዘረጋው እጀታ በጣት ወደ ላይ ሲሳብ ዘንጉ አብሮ ይነሣል። የፊተኛው ዘንግ በቀጥታ ወርዶ ጎማውን ከግራና ከቀኝ ያቀፈውን ቆልማማ ብረት ይስባል። ይህን ብረት እንግሊዞች በፈረስ ዕቃ ስም ይጠሩታል፤ እኛም «እርካብ» ብንለው ቅርጹን ያየ ሁሉ ይረዳዋል። (እርካብን ተቀብለን «ፍሬን»ን በ«ልጓም» የማንተካው ስለ ምን ነው ቢባል፣ እርካብ ባዶ ቦታ የሚሞላ ሲሆን ልጓም ግን ሕዝብ የለመደውን ቃል የሚያፈናቅል በመሆኑ ነው።) የኋላው ዘንግ መንገዱ ጠማማ ስለ ሆነ አቅጣጫውን በሚለውጡ ብረቶች በኩል ያልፋል፤ እነዚህን «ክርን» ብለናቸዋል። በእርካቡ ጫፎች ያሉትን «የፍሬን ጎማ» ማለት አያዋጣም፤ ጎማ እግሩንም የተሠራበትንም ነገር ያመለክታልና። «ላስቲክ» ይሻላል።

ላስቲኩ የሚነካው የቸርኬውን ጎን ሳይሆን ወደ መኻል የሚመለከተውን የውስጥ ፊቱን ነው። የጥገናው ጠባይ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። ቸርኬው ወደ ጎን ጥቂት ቢዛነፍ ፍሬኑ ይታገሣል፤ ክብነቱን ካጣ ግን በየዙሩ አንድ ስፍራ ላይ ይይዛል፣ ሌላው ላይ ይለቃል። ስለዚህ «ቸርኬ ማቃናት» የሚለው አንድ ሐረግ አይበቃም፤ «መዛነፍ»ና «ክብነት ማጣት» ተለይተው መመዝገብ አለባቸው። እንዲሁም መሪው ከፍ ወይም ዝቅ ሲል፣ ወይም ሰንሰለት ለማጥበቅ የኋላው እግር ወደ ኋላ ሲሳብ፣ በላስቲኩና በቸርኬው መካከል ያለው ርቀት ይለወጣል፤ የዘንጉን ማያያዣ ብሎን አላልቶ እንደገና ማስተካከል ግድ ነው። በክርኖቹ መታጠፊያ ጠብታ ዘይት ይበቃል፤ ቸርኬው ላይ ግን ዘይት ሊደርስ አይገባም። የክሮም ቸርኬ ዝናብ ሲነካው ያለ ዘይትም አያያዙ ደካማ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ላስቲኩ የሚገባበት የብረት ማቀፊያ ነው። ማቀፊያው አንዱ ጫፉ ክፍት፣ ሌላው ዝግ ነው። ተገልብጦ ቢታሰር የሚሽከረከረው ቸርኬ ላስቲኩን በክፍቱ ጫፍ ጎትቶ ያወጣዋል፤ ፍሬኑም በሚያስፈልግበት ቅጽበት ይጠፋል። በመመሪያ ላይ «ዝግ ጫፉ ወደ ፊት ይሁን» ተብሎ ቢጻፍ ለፊተኛው እግር እውነት ነው፤ የቸርኬው ላይኛው ክፍል ወደ ፊት ይሄዳልና። የኋላው እርካብ ግን ከፔዳሉ ማዞሪያ በስተኋላ፣ ቸርኬው ወደ ታች በሚወርድበት ስፍራ ስለሚገኝ፣ በዚያ «ወደ ፊት» የሚለው ቃል ሠራተኛውን ያሳስታል። በመሆኑም ፍቺውን እንደሚከተለው አርቅቀናል፦

«ዝግ ጫፍ፦ የላስቲክ ማቀፊያ ያልተከፈተ ወገን፤ ቸርኬው ሲሽከረከር ላስቲኩን ወደሚጎትትበት አቅጣጫ ተደርጎ የሚታሰር፤ በፊተኛው እግር ወደ ፊት፣ በኋለኛው ወደ ታች።»