የጂዛን አሮጌ መኪኖችና የባሕሩ ጨው

ከጂዛን ወደብ ተነሥቶ በአሐድ አል መሳርሓና በሳምጣ አልፎ እስከ ድንበሯ ከተማ ጡዋል በሚዘልቀው ጎዳና ላይ አንድ ዓይነት መኪና ደጋግሞ ዓይን ይስባል። አፍንጫው ቀጥ ያለ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ የቆመና ከኋላው የጭነት ማስቀመጫ ያለው ቶዮታ ላንድ ክሩዘር ነው። የአገሩ ሰው «ሻስ» ይለዋል። ቃሉ የአዲስ አበባ መካኒኮች «ሻንሲ» ከሚሉት ቃል ጋር አንድ ምንጭ አለው፤ ሁለቱም ሞተሩንና አካሉን የሚሸከመውን የመኪና አጽም የሚያመለክተው የፈረንሳይኛ ቃል ልጆች ናቸው። አሮጌ መኪና ጠግኖ ማኖርን የትርፍ ጊዜ ሥራቸው ላደረጉ የጂዛን ሰዎችም ድካሙ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ አጽም ነው።

መኪናው በዚህ አካባቢ የተወደደው ያለ ምክንያት አይደለም። የጂዛን ክልል ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በጥቂት ሰዓታት ጉዞ ውስጥ ወደ 2 ሺህ ሜትር ከፍታ እስከሚጠጋው የፈይፋ ተራራ ይወጣል። በአንድ በኩል ሞቃት አሸዋማ ሜዳ፣ በሌላ በኩል ቡና የሚበቅልበት እርከንና ጠመዝማዛ አቀበት አለ። ሁለቱንም የሚችል መኪና ለገበሬው የእርሻ መሣሪያ፣ ለቤተሰቡ መጓጓዣ፣ ለእንግዳ መቀበያ ሆኖ ኖሯል። አባት ያረሰበትንና ልጅ መንዳት የተማረበትን መኪና ለታሽሊሕ፣ ማለትም ለአሮጌ መኪና መበተኛ፣ አሳልፎ መስጠት የሚከብደውም ስለዚህ ነው።

ታሪኩም ረጅም ነው። እንግሊዛዊው አሳሽ ፊልቢ እ.ኤ.አ. በ1936 አዲሱን የሳዑዲና የየመን ድንበር ለመቃኘት ወደ ደቡቡ ምድር የተጓዘው በመኪና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 የዐብዱል ለጢፍ ጀሚል ድርጅት ቶዮታን በሳዑዲ ዓረቢያ ማከፋፈል ጀመረ። 40 ተብሎ የሚታወቀው የላንድ ክሩዘር ትውልድ ከ1960 እስከ 1984 ድረስ ለዓለም ገበያ ቀረበ፤ እሱን የተካው 70 የሚባለው ትውልድ ደግሞ በ1984 ወጥቶ ዛሬም እየተመረተ ነው። አንድ መኪና መልኩን ብዙም ሳይለውጥ አርባ ዓመት ሲቆይ፣ ለጠጋኙ ትልቅ ዕድል ነው፤ መለዋወጫው አይጠፋምና። ለቀደመው ትውልድ ወዳጆችም ቶዮታ ማምረት ያቆማቸውን የ40 ትውልድ መለዋወጫዎች እንደገና እንደሚሠራ በ2021 ማስታወቁ መልካም ዜና ሆኖላቸዋል።

መለዋወጫ ቢገኝም ግን በጂዛን ያለው እውነተኛ ጠላት የዕቃ እጥረት ሳይሆን የባሕሩ ጨው ነው። ከባሕር የሚነሣው ነፋስ ረቂቅ ጨው ተሸክሞ በብረት ላይ ያሳርፋል። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 75 በመቶ ገደማ ሲደርስ ይህ ጨው ከአየሩ ውኃ ስቦ ይቀልጣል። ስለዚህ ዝናብ ባይዘንብም፣ መኪናው ወንዝ ባይሻገርም፣ ብረቱ ሌሊቱን በጨው ውኃ ሲረጥብ ያድራል። በሰኔና በሐምሌ የሚነሣው፣ የአካባቢው ሰው «ጉብራ» የሚለው የአቧራ ነፋስ ደግሞ የበሮቹንና የሻንሲውን የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች ይደፍናል። እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ዝገቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ከላይ የሚያብረቀርቅ መኪና ከታች በጣት የሚበሳ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ በሚገባ የሚሠራ ጠጋኝ ቀለሙን አይቶ አይፈርድም። መጀመሪያ መኪናውን አንሥቶ ሻንሲውን በመዶሻ ጫፍ እያንኳኳ ድምፁን ያዳምጣል፤ ጤነኛ ብረት ይጮኻል፣ የበሰበሰው ድፍን ድምፅ ይሰጣል። የባትሪው መቀመጫ፣ የመስተዋቱ ጎማ ሥር፣ የጣሪያው አሸንዳ፣ የባሌስትራው ማሰሪያና ሁለት ብረት የተደራረበበት ቦታ ሁሉ ይፈተሻል። የበሰበሰው ብረት ጤነኛው እስኪገኝ ድረስ ተቆርጦ ይወጣል፤ አዲስ ብረት ይበየዳል፤ በዚያው ቀን ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባል፤ ክፍት የሆነው የሻንሲው ሆድ በሰም ወይም በዘይት ይረጫል። በዝገት ላይ ስቱኮ ለጥፎ ቀለም መቀባት ፈጣንና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን እርጥበቱን ከሥሩ ስለሚያፍነው በሽታውን ከመደበቅ አልፎ ያፋጥነዋል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የሚያስጨንቀው አንድ ቦታ አለ፤ የሻንሲ ቁጥሩ የተቀረጸበት። በላንድ ክሩዘር ላይ ቁጥሩ የሚገኘው በሻንሲው የፊት ክፍል፣ በጎማው አጠገብ ነው፤ ጭቃና ጨው የሚረጭበት ቦታ ማለት ነው። ይህ ቁጥር የመኪናው ስም ነው። ኢስቲማራ በሚባለው የመኪና መታወቂያ ላይ የሰፈረው እሱ ሲሆን፣ በየጊዜው በሚደረገው የቴክኒክ ምርመራም ሆነ በመንገድ ፍተሻ መኪናው ከወረቀቱ ጋር የሚመሳከረው በእሱ ነው። በተለይ ፍተሻው በሚጠብቅበት የድንበር አካባቢ፣ ቁጥሩ የማይነበብ መኪና ባለቤቱን ለጥርጣሬ ያጋልጣል። ዝገት የበላውን ቁጥር በራስ እጅ መልሶ መቅረጽ ደግሞ ጥገና ሳይሆን ወንጀል ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለቤት ሥራውን የሚጀምረው ይህን ቦታ በለስላሳ ብሩሽ አጽድቶ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶና ቁጥሩን በማይሸፍን ስስ ቅባት ጠብቆ ነው። ግራይንደር ወደዚያ አይጠጋም። ቁጥሩ መደብዘዝ ከጀመረም ብረቱ ከመቆረጡ በፊት ወደ ትራፊክ መሥሪያ ቤት ሄዶ ማሳየት ይገባል።

መኪናን መለወጥም ወሰን አለው። ወጣቶች ሻሱን ከፍ ማድረግ፣ ሰፋፊ ጎማ ማስገባት፣ ሞተሩን በሌላ መተካት ይወዳሉ። የሳዑዲ የትራፊክ ሕግ ግን ሕጋዊውን ሥርዓት ሳይከተሉ የመኪናን አካል ወይም መሣሪያ መለወጥን ጥፋት አድርጎ ይቆጥራል። ቅጣቱ ብቻ አይደለም ነገሩ፤ ከልክ በላይ ከፍ ያለ መኪና በፈይፋ ጠመዝማዛ ላይ የመገልበጥ አደጋው ይጨምራል፤ ፍሬኑም የተሠራው ለዚያ ጎማ አይደለም።

አሮጌ መኪና መውደድ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ ቮልስ ዛሬም ባለቤቶቹ የሚኮሩበት መኪና ነው፤ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ እንደነበርም ይታወሳል። ይሁን እንጂ ከባሕር በራቀውና ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ በሆነው የአዲስ አበባ አየር ውስጥ ሃምሳ ዓመት የቆየ ብረት፣ በጂዛን ዳርቻ ያን ያህል አይታገሥም። ሙያውን ከአገሩ ጋራዥ ይዞ የመጣ ኢትዮጵያዊም እዚህ ከአዲስ ቋንቋ ጋር ይገናኛል፤ ከጣሊያንኛ የወረሰው ካንዴላ «ቡዋጂ»፣ ካምቢዮውም «ጊር» ይሆንበታል። ከቃላቱ ይልቅ ለመልመድ የሚከብደው ግን የጨው ጠባይ ነው።

ለጥገናው የሚወጣው ገንዘብ የሚጠበቀው ደግሞ በትንንሽ ልማዶች ነው። ከባሕር ዳርቻ ወይም በጀልባ ከፈረሳን ደሴቶች የተመለሰ መኪና በዚያው ቀን ከሥሩ በንጹሕ ውኃ መታጠብና በነፋስ መድረቅ አለበት። የውኃ መውጫ ቀዳዳዎቹ በቀጭን ሽቦ ይከፈታሉ። አየር በማያሳልፍ ላስቲክ መሸፈን እርጥበቱን ስለሚያፍን ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል። በራዲያተሩ ውስጥ ተራ ውኃ ብቻ ሳይሆን ኩላንት ያስፈልጋል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ መለወጥ ይኖርበታል። ጎማም ጥርሱ ሳያልቅ ያረጃል፤ በጎኑ ላይ ያሉት አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ስለሚናገሩ እነሱን ማንበብ ይበጃል።

አሮጌ መኪና ለመግዛት ያሰበ ሰው እንግዲህ ቀለሙን ከማድነቁ በፊት ኢስቲማራውን ይዞ ከጎማው አጠገብ ይንበርከክ። በወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር በብረቱ ላይም ጥርት ብሎ ከተነበበ፣ የቀረው ድካም ዋጋ አለው።