ክኒን ለምን እንደ ማስቲካ አይታደልም?

በዛሬው የጤና ዓምዳችን ብዙ ተማሪ የሚያጉረመርምበትን ነገር ይዘን መጥተናል። ራሴን አሞኛል ብላችሁ ዩኒት ሊደር ቢሮ ስትሄዱ ክኒን አይሰጣችሁም። ወይ ቤት ይደወላል፣ ወይ ወላጅ የፈረመበት ወረቀት ትጠየቃላችሁ። በእረፍት ሰዓት "ጨካኞች ናቸው!" ሲባል እንሰማለን። ኧረ ጭካኔ አይደለም!

እስኪ ፓራሲታሞልን እንመልከት። ሁላችንም ቤት ስለማይጠፋ እንደ ቀላል ነገር እናየዋለን። አንዷ ክኒን ብዙ ጊዜ 500 ሚሊ ግራም ናት፣ ለትልቅ ሰው የተሠራች። የልጅ መጠን ግን የሚታወቀው በክብደት ነው፤ ለ1 ኪሎ በአንድ ጊዜ ከ15 ሚሊ ግራም አይበልጥም። ሒሳቡን እንሥራው፦ 20 ኪሎ የሚመዝን የአንደኛ ክፍል ልጅ 20 × 15 = 300። ሙሉዋ ክኒን ትበዛበታለች ማለት ነው። ደግሞ አንዴ ከተወሰደ እስከሚቀጥለው ቢያንስ 4 ሰዓት መቆየት አለበት፣ በአንድ ቀን ውስጥም ከ4 ጊዜ አያልፍም።

አሁን እናቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሰጥታው ላከችው እንበል። 3 ሰዓት ላይ መምህሩ አዝነው ቢደግሙለትስ? እናት የመምህሩን አታውቅም፣ መምህሩም የእናትን አያውቁም። የጉንፋን ክኒን ውስጥም ፓራሲታሞል ብዙ ጊዜ አለ፤ ጓደኛው እሱን ከጨመረለት ሦስተኛ ሆነ። መጠኑ ሲያልፍ የሚጎዳው ጉበት ነው። ጉበት ደግሞ ወዲያው አይናገርም፤ ልጁ በመጀመሪያው ቀን ደህና መስሎ ኳስ ሲጫወት ሊውል ይችላል።

ወረቀቱ የሚፈለገው ለዚህ ነው። ወላጅ የልጁን ስምና ክፍል፣ የመድኃኒቱን ስም፣ ስንት እንደሚወሰድ፣ በስንት ሰዓት፣ እስከ መቼ፣ የሚገኝበትን ስልክ ጽፎ ይፈርማል። ከሁሉ የምትበልጠው ግን "የማይስማማው መድኃኒት" የምትለዋ መስመር ናት። ፔኒሲሊን የማይስማማው ልጅ አለ። ጉሮሮዬን አመመኝ ሲል ጓደኛው ከቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን ቢሰጠው፣ እሱም የፔኒሲሊን ዘመድ ስለሆነ ፊቱ ሊያብጥ፣ መተንፈስም ሊያቅተው ይችላል። ጓደኛው ደግ ነው፣ ግን አያውቅም።

መድኃኒቱም ከነማሸጊያው ይምጣ። በሶፍት ተጠቅልሎ ከላጲስ ጋር የመጣ ነጭ ክኒን ምን እንደሆነ ፋርማሲስትም አይለየውም።

አንዳንዱን መድኃኒት ጭራሽ ወደ ትምህርት ቤት ማምጣት አያስፈልግም። በቀን 2 ጊዜ የሚወሰድ ከሆነ ጠዋትና ማታ ቤት ያልቃል። ማሸጊያው ላይ "በየ8 ሰዓቱ" የሚለውን ግን እንዳትሳሳቱ! በ8 ሰዓት ውሰዱ ማለት አይደለም። ጠዋት 12 ሰዓት፣ ከሰዓት 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት ማለት ነው። ጠዋት ብቻ የሚማር ልጅ የ8 ሰዓቱን ቤቱ ይውጣል። ሙሉ ቀን የምንማረው ነን ክፍል ውስጥ የምንሆነው፣ ስለዚህ ወረቀቱ እኛን ይመለከታል።

አስም ያለባቸው ልጆች የሚስቡት መድኃኒት፣ "ፓፍ" የሚሉት፣ ለብቻው መታየት አለበት። እሱን ቢሮ ውስጥ ቆልፎ ማስቀመጥ ለክለባችን ትክክል አይመስለንም። ትንፋሽ ያጠረው ልጅ ደረጃ ወርዶ፣ ሜዳ አቋርጦ፣ ቁልፍ የያዘው ሰው ምሳ ወጥቶ ሊጠብቅ ነው? ወላጅ መስከረም ላይ ይፈርም፣ የክፍል ኃላፊው መምህር ይወቁ፣ ፓፉ ግን ልጁ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። ትንሽ ልጅ ከሆነ መምህሩ እዚያው ክፍል ውስጥ ይያዙለት። ሌሎቻችን ደግሞ ለጨዋታ ብለን "እስኪ ልሞክረው" አንበል፤ የምንጨርሰው የእሱን ትንፋሽ ነው።

አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ "ታዲያ የሆድ ትላትል መድኃኒት ለምን ለሁሉም ይታደላል?" ብሎ ጠየቀን። ጥሩ ጥያቄ ነው። በአገራችን በየትምህርት ቤቱ በአገር አቀፍ ደረጃ መሰጠት የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ለምሳሌ አልቤንዳዞል ለትምህርት ቤት ልጆች በሙሉ መጠኑ አንድ ነው፣ 400 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ። የቢልሃርዚያው ፕራዚኳንቴል ግን በቁመት ይሰፈራል። ምልክት ያለበት እንጨት ግድግዳ ላይ ያቆማሉ፣ ቁመታችሁ የደረሰበት መስመር ስንት ክኒን እንደምትውጡ ይናገራል። ያኔም ቢሆን ወላጅ አስቀድሞ መስማት አለበት። በዚያ ቀን ያመማችሁ ወይም ሌላ መድኃኒት የጀመራችሁ ካላችሁ ሰልፍ ላይ ከመቆማችሁ በፊት ተናገሩ። ቁርስም በልታችሁ ኑ፤ የቢልሃርዚያው ክኒን በባዶ ሆድ ክፉኛ ያቅለሸልሻል።