የስልክ ምክርም በገበሬው ማሳ ይፈተን

አዲስ ዘር በገበሬው ማሳ ሳይሞከር አይሠራጭም። ለገበሬው የሚዘጋጅ የስልክ ፕሮግራምም እንዲሁ መሆን አለበት።

በ2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴርና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር በመተባበር በ8028 ነፃ የስልክ መስመር የእርሻ ምክር ማሰማት ጀመረ። ገበሬው ቁጥር እየተጫነ ቋንቋና ሰብል መርጦ የተቀዳውን ድምፅ ያዳምጣል። መስመሩ የተጀመረው በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ነበር። በቶንጎ ዙሪያ ግን የማኦና የኮሞ ቋንቋዎችም ይነገራሉ። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የተሳካ ሙከራ ለቶንጎ ዋስትና አይሆንም።

እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ስንፈትን የሚከተሉትን እናስተውል፦

1. ይሉኝታ ያሳስታል። እንግዳን ላለማስቀየም «ጥሩ ነው» ይባላል። አስተያየት ከመጠየቅ ይልቅ «የማሽላን የዘር መጠን ከስልኩ ይፈልጉልን» ብለን እጃቸውን እንመልከት።

2. ለሙከራ የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ የተማረውና ለጣቢያው ቅርብ የሆነው ነው። ሴቶች፣ አዛውንትና ማንበብ የማይችሉም ይጠሩ።

3. ሙከራው በራሳቸው ስልክና በሚውሉበት ቦታ ይሁን፤ የኔትዎርኩ መቆራረጥም ይታያል።

4. ሲቸገሩ አንርዳ። የቆሙበትን ቦታ እንመዝግብ፤ ጉድለቱ የፕሮግራሙ እንጂ የገበሬው አይደለም።

5. በመጨረሻ የሰሙትን መልሰው ይንገሩን። መጠኑን አዛብቶ የሰማ ገበሬ ስሕተቱን የሚያውቀው ከዘራ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ክረምቱ አልፏል።

የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ማናቸውንም ፕሮግራም ለአባላት ከማዳረሳቸው በፊት ይህን ሙከራ እንዲያደርጉ፣ ውጤቱንም ለአዘጋጆቹ እንዲልኩ እናሳስባለን።