የትምህርት ወረዳዎች ሲነጻጸሩ የሚመዘነው ምንድን ነው?

የሠርቶ አደሩ ልጆች የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ከሌሎች ጋር ተነጻጽረው «ደካማ» የሚል ስም ሲሰጣቸው፣ የድካሙ ምንጭ ከየት እንደሆነ ሳይመረመር ፍርዱ ሊጸና አይገባም። ይህን ጥያቄ በተግባር ለመመርመር በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ግዛት፣ በሳን አንቶኒዮ ከተማ የሚገኙትን ሁለት የትምህርት ወረዳዎች፣ ኤጅውድንና አላሞ ሃይትስን፣ እንወስዳለን። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ «የትምህርት ወረዳ» የሚለው ስም በአገራችን ካለው የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጋር እንዳይምታታ ማስረዳቱ ይበጃል። የቴክሳስ የትምህርት ወረዳ የራሱ ወሰንና በሕዝብ የተመረጠ ቦርድ ያለው፣ በወሰኑ ውስጥ ባለው ቤት፣ መሬት፣ ሱቅና ፋብሪካ ላይ ግብር ለመጣል ሥልጣን የተሰጠው፣ ራሱን የቻለ አካል ነው። በግዛቲቱ እንዲህ ያሉ ወረዳዎች ከ1,000 በላይ ናቸው። የግዛቱና የፌዴራሉ መንግሥታት ገንዘብ ቢያዋጡም፣ ከዚያ በላይ ያለው ወጪ የሚሸፈነው ከአካባቢው በሚሰበሰበው ግብር ነው። በመሆኑም ነዳጅ ዘይት የሚፈልቅበትን ወይም ባለጸጎች የሰፈሩበትን መሬት በወሰኑ ያካተተ ወረዳ ያለ ብዙ ድካም ሲከብር፣ የደሃ ጎጆ ብቻ የታጨቀበት ወረዳ ያችኑ ጎጆ ደጋግሞ ከመገበር በቀር ምርጫ የለውም። ወሰኑ በካርታ ላይ የተሰመረ መስመር ነው፤ ነገር ግን የልጁን ዕድል የሚወስነው እርሱ ሆኖ ይገኛል።

እነሆ የ1967-68 የትምህርት ዘመን ሒሳብ። በኤጅውድ 25 ትምህርት ቤቶች 22,000 ያህል ተማሪዎች ነበሩ፤ ከመቶው 90 ያህሉ የሜክሲኮ ዘር ያላቸው፣ ከመቶ ከስድስት በላይ የሚሆኑት ደግሞ ጥቁሮች ነበሩ። በአላሞ ሃይትስ ስድስት ትምህርት ቤቶች ይማሩ የነበሩት 5,000 ያህል ተማሪዎች ግን በብዛት ነጮች ነበሩ። በኤጅውድ ለአንድ ተማሪ የሚደርሰው የግብር ንብረት ግምት 5,960 ዶላር ሲሆን፣ በአላሞ ሃይትስ ከ49,000 ዶላር ይበልጥ ነበር።

የኤጅውድ ሕዝብ ለትምህርት ግድ የለሽ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ በያዘ ነበር። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ኤጅውድ ከየ100 ዶላሩ ንብረት 1.05 ዶላር ይገብር ነበር፤ ይህም በከተማይቱ ዙሪያ ካሉት ወረዳዎች ሁሉ ከፍተኛው ምጣኔ ነበር። አላሞ ሃይትስ የሚገብረው 85 ሳንቲም ብቻ ነበር። ብዙ ከገበረው ሕዝብ ለአንድ ተማሪ 26 ዶላር ሲገኝ፣ ጥቂት ከገበረው 333 ዶላር ተገኘ! የግዛቱ መንግሥት ድርሻ ይህን ጉድጓድ ይሞላ ይሆናል ብሎ የሚገምት አንባቢ ቢኖር፣ ለኤጅውድ ልጅ የተሰጠው 222፣ ለአላሞ ሃይትስ ልጅ የተሰጠው 225 ዶላር መሆኑን ይወቅ። የፌዴራሉ መንግሥት ለኤጅውድ 108፣ ለአላሞ ሃይትስ 36 ዶላር በመጨመሩ ልዩነቱ በመጠኑ ቢጠብም፣ ጠቅላላው ሲደመር 356 በ594 ሆነ።

ይህ ቁጥር በክፍል ውስጥ ምን መልክ እንደነበረው የሚያሳየን የተማሪዎቹ ድርጊት ነው። ሜይ 16 ቀን 1968 በኤጅውድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 400 ያህል ተማሪዎች ከትምህርት ገበታቸው ተነሥተው በሰልፍ ወጡ፤ የተሰበሩት መስኮቶች እንዲጠገኑና የተማሩ መምህራን እንዲመደቡላቸው ጠየቁ። በወረዳው ካሉት መምህራን ግማሽ ያህሉ የሚያስተምሩት ሙሉ የሙያ ፈቃድ ሳይኖራቸው በጊዜያዊ ፈቃድ ነበር። በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሕንጻ ሦስተኛው ፎቅ ለአደጋ የሚያሰጋ ተብሎ ከተዘጋ በኋላ የሌሊት ወፍ መኖሪያ ሆኖ ነበር።

ልጆቻቸው በዚህ ወረዳ ይማሩ ከነበሩት ወላጆች አንዱ ዴሜትሪዮ ሮድሪጌዝ ነበሩ። ሮድሪጌዝ በጦር ኃይል ያገለገሉ፣ በኋላም በኬሊ የአየር ኃይል ሠፈር የላሜራ ሠራተኛ የነበሩ ሰው ናቸው። እርሳቸውና ሌሎች ወላጆች በዚያው ዓመት ክስ መሠረቱ። መጀመሪያ ጉድለቱ የወረዳው አስተዳዳሪዎች ጥፋት መስሏቸው ነበር፤ ጠበቃቸው አርተር ጎክማን ግን የነገሩ ሥር የግዛቱ የገንዘብ አደላደል መሆኑን አስረዷቸው። እኛ ይህን ነጥብ ከሁሉ አስበልጠን እንመለከተዋለን። ጭቁኑ ቁጣውን በቅርቡ ባለው ርእሰ መምህር ወይም ሹም ላይ ማውረድ ይቀለዋል፤ ሥርዓቱን ለማየት ግን ሒሳብ መማር ይጠይቃል። የኤጅውድ ወላጆች ሒሳቡን ተማሩ።

በ1971 በቴክሳስ የተሰየመው የፌዴራል ችሎት ፈረደላቸው። ግዛቱ ይግባኝ በማለቱ ጉዳዩ ዋሽንግተን ደረሰ፤ ማርች 21 ቀን 1973 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ፈረደባቸው። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ሉዊስ ፓውል፣ ከዳኝነታቸው በፊት የሪችመንድ ከተማ ትምህርት ቤቶች ቦርድ ሊቀ መንበር የነበሩት፣ ትምህርት በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት የተረጋገጠ መሠረታዊ መብት አለመሆኑን፣ አካባቢዎች በራሳቸው ትምህርት ቤቶች ላይ ያላቸው ሥልጣንም መጠበቅ እንደሚገባው አተቱ። በውሳኔው ያልተስማሙት ዳኛ ባይሮን ዋይት ይህ «ሥልጣን» ባዶ መሆኑን በቁጥር አሳዩ፤ በአውራጃው ካሉት ሌሎች ወረዳዎች ከፍተኛውን ገቢ ለመድረስ አላሞ ሃይትስ ከ100 ዶላር 68 ሳንቲም ሲበቃው፣ ኤጅውድ 5.76 ዶላር መገበር ያስፈልገው ነበር፤ ሕጉ ደግሞ ከ1.50 ዶላር በላይ አይፈቅድም። ሕግ የከለከለውን ነገር «ምርጫችሁ ነው» ማለት በበኩላችን ፌዝ ሆኖ ይታየናል።

በክርክሩ ውስጥ ዛሬም ድረስ የሚደመጥ አንድ ሐሳብ ነበረ፤ ገንዘብ ለትምህርት ጥራት ያን ያህል ወሳኝ መሆኑ አልተረጋገጠም የሚል። መነሻውም በ1966 የወጣው የጄምስ ኮልማን ጥናት ሲሆን፣ ለተማሪ ውጤት ከትምህርት ቤቶች ልዩነት ይልቅ የቤተሰብ ኑሮ ይመዝናል የሚል ግኝት ነበረው። ግኝቱ በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ የቤቱ ድህነት ከልጁ ጋር ትምህርት ቤት መግባቱን ማንም ሠራተኛ ያውቃል። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ ለደሃው ልጅ ያነሰ ይበቃዋል ማለት ከቶ አይቻልም። ዳኛ ተርጉድ ማርሻል በልዩነት ሐሳባቸው፣ ገንዘቡ ፋይዳ ከሌለው ባለጸጎቹ ወረዳዎች ያን ያህል አጥብቀው የሚሟገቱለት ስለ ምንድን ነው ሲሉ ጠይቀዋል። ለዚህ ጥያቄ አጥጋቢ መልስ አላገኘንም።

ትግሉ ግን በዋሽንግተን አላበቃም። በ1984 ኤጅውድና ሌሎች ደሃ ወረዳዎች በግዛቱ ሕገ መንግሥት መሠረት አዲስ ክስ አቀረቡ፤ ኦክቶበር 2 ቀን 1989 የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ፈረዱላቸው። በዚያ ፍርድ የሰፈረው ንጽጽር ከሃያ ዓመት በፊት የነበረውን በሰፊው የደገመ ነው። 100ዎቹ እጅግ ደሃ ወረዳዎች በአማካይ ከ100 ዶላር 74.5 ሳንቲም እየገበሩ ለአንድ ተማሪ 2,978 ዶላር ሲያወጡ፣ 100ዎቹ ባለጸጎች 47 ሳንቲም እየገበሩ 7,233 ዶላር ያወጡ ነበር። የባለጸጋው ጫፍና የደሃው ጫፍ ንብረት በአንድ ተማሪ ሲሰላ 700 ለ1 ይመጣል። የመጀመሪያው ክስ ሲመሠረት የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የነበሩት የሮድሪጌዝ ልጆች በዚህ ጊዜ ጎልማሶች ሆነዋል።

ተከትለው የወጡት ማሻሻያዎች ሁለት ጊዜ በፍርድ ቤት ከተሻሩ በኋላ፣ በ1993 ከባለጸጋ ወረዳዎች ትርፍ ገቢ እየተወሰደ ለሌሎች የሚዳረስበት ሕግ ወጣ። ሕዝቡ «ሮቢን ሁድ» ያለው ይህ ሕግ በ1995 በፍርድ ቤት ጸንቶ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ ልዩነቱንም በእርግጥ አጥብቦታል። በ2016 ግን ያው ፍርድ ቤት የገንዘብ አደላደሉ ጉድለት ቢኖርበትም የሕገ መንግሥቱን ዝቅተኛ መስፈርት ያሟላል ብሎ ወሰነ።

ከ2018 ጀምሮ የቴክሳስ ወረዳዎች ከኤ እስከ ኤፍ በሚደርሱ ፊደላት ይመደባሉ። ፊደሉ የሚሰላው ከተማሪዎች የፈተና ውጤት፣ ከዓመት ዓመት ካሳዩት መሻሻልና ከመሳሰሉት ነው፤ የመሻሻሉ መቆጠር መልካም ነው። ሆኖም ያው ፊደል ለቤት ገበያም ይውላል። በዳላስና በሂዩስተን የሚኖሩ ወገኖቻችንም ቤት ሲፈልጉ አስቀድመው የሚጠይቁት ወረዳውን ነው፤ ለልጁ የተሻለውን የሚሻ ወላጅ አይወቀስም። ይሁንና መክፈል የቻለ ሁሉ ወደ «ኤ» ሲጎርፍ የዚያ ወረዳ ቤት ዋጋው ይንራል፣ የግብር መሠረቱም ይሰፋል፤ መክፈል ያልቻለው ቤተሰብ ደግሞ በነበረበት ይቀራል። የኤጅውድ ተማሪዎች ቁጥር ከ1968ቱ ግማሽ በታች ወርዷል፤ ሮድሪጌዝ ይሠሩበት የነበረው የኬሊ ሠፈርም በ2001 ተዘግቷል። የአንድ ወረዳ ነዋሪ ከየ100 ዶላሩ ስንት እንደሚገብርና በዚያ ግብር ስንት እንደሚገኝ ግን በፊደሉ ስሌት ውስጥ አልገባም።