ስለ መቅመቆ አተካከልና አጠባበቅ

መቅመቆ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ፤ በወንዝ ዳር፤ በአጥር ሥርና ባደረ መሬት ላይ ማንም ሳይዘራው የሚበቅል፤ አንድ ጊዜ ሥር ከሰደደ ግን ብዙ ዓመት የሚኖር ተክል ነው። ቅጠሉ ተቀቅሎ ይበላል። ሥሩም ደርቆና ተወቅጦ ቅቤ ሲነጠር ይጨመርበታል፤ ቅቤውም መልካም ቢጫ መልክ ያገኛል። ስለዚህ ሥሩ በየገበያው ይሸጣል። ይሁን እንጂ ቆፋሪው ሥሩን ከነአናቱ ነቅሎ የወሰደ እንደ ሆነ፤ ብዙ ዓመት ሊጠቅም የሚችለውን ተክል በአንድ ቀን ያጠፋዋል። ይህ ጉዳት የሚድነው ከዱር መንቀሉ ቀርቶ በጓሮ መትከል ሲለመድ ነው።

የዕፀዋት ሊቃውንት ይህን ተክል ሩሜክስ አቢሲኒኩስ ይሉታል። ስሙን ያወጣለት በ18ኛው መቶ ዓመት በቪየና ይኖር የነበረው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላውስ ዣከን ነው። ተክሉ ከሰው ቁመት በላይ ይረዝማል፤ ቅጠሉ ሰፊና እንደ ጦር ጫፍ የሾለ ሲሆን፤ ከግርጌው ሁለት ጆሮ የመሰለ ነገር አለው፤ ጣዕሙም ኮምጣጣ ነው። ሥሩ ወፍራም ነው፤ ሲቆረጥ ውስጡ ቢጫ ሆኖ ይታያል። ቱልትና እምቧጮ የመቅመቆ ዘመዶች ናቸው፤ ነገር ግን ቱልት አጭር ሆኖ ፍሬው በልብስ ላይ የሚይዝ መንጠቆ አለው፤ እምቧጮም ግንዱ እንጨት የሆነ ቁጥቋጦ ነውና፤ ዘር የሚሰበስብ ሰው እንዳይሳሳት ይጠንቀቅ።

መቅመቆ ጥልቅና ለስላሳ፤ እርጥበትም ያለበት አፈር ይወዳል፤ ውሃ የሚተኛበት ስፍራ ግን ሥሩን ያበሰብሰዋል። የሚተከለው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በዘር ነው፤ ዘሩ ደቃቅ ስለ ሆነ በመደብ ላይ ተበትኖ ጥቂት አፈር ብቻ ይልበሰው፤ በጥልቅ ከተቀበረ አይወጣም። ሁለተኛውና ፈጣኑ መንገድ የሥሩን አናት፤ ይኸውም ቡቃያ የሚያወጣውን ክፍል፤ ከፋፍሎ በክረምት መግቢያ መትከል ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ቢያንስ አንድ ቡቃያ ይኑረው። በተክልና በተክል መካከል አንድ ሜትር ያህል ይተው፤ ቅጠሉ እጅግ ይሰፋልና።

በመጀመሪያው ዓመት አረሙ ይነቀል፤ የበሰበሰ ፍግም ይደረግለት፤ ቅጠሉም ሥሩ እስኪጠነክር ድረስ በብዛት አይቀንጠብ። ከዚያ ወዲያ የውጭ የውጩን ለጋ ቅጠል እየቀነጠቡ የመካከሉን መተው ይገባል። የአበባው ዘንግ ሲወጣ፤ ለዘር ከሚፈለገው በቀር ይቆረጥ፤ አበባው የቅጠሉን ኃይል ይወስዳል፤ ነፋስ የሚበትነውም ዘር በእህል ማሳ ውስጥ አረም ይሆናል። ስለዚህ የመቅመቆ ቦታው ጓሮና የአጥር ሥር ነው እንጂ የእህል እርሻ አይደለም።

ቅጠሉን የሚኮመጥጠው ኦክሳሊክ አሲድ የሚባለው ነገር ነው፤ ይህም ሲበዛ ኩላሊትን ይጎዳል። ስለዚህ ቅጠሉ በብዙ ውሃ ተቀቅሎ ውሃው ይደፋ፤ ከሌላ ጎመን ጋር ተቀላቅሎም በመጠን ይበላ። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ቢተወው ይሻላል። የተራቡ በጎችና ፍየሎችም ብዙ ቅጠል በአንድ ጊዜ ከበሉ ሊታመሙ ስለሚችሉ፤ ተክሉ ይታጠር። ሥሩ ደግሞ ሆድ የሚያስቀምጥ ነገር አለበትና፤ ለመድኃኒት ብሎ የሚጠጣው፤ ይልቁንም ነፍሰ ጡር፤ አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ።

ሥሩን ለመቆፈር ሁለት ወይም ሦስት ዓመት መጠበቅ ይገባል። የሚሻለውም ጊዜ የበጋው መጨረሻ፤ ዝናብ ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው፤ በዚያን ጊዜ ኃይሉ ሁሉ በሥሩ ተከማችቷል፤ ተመልሶ የሚተከለውም አናት ወዲያው ዝናብ ያገኛል። ወፍራሙ ሥር ለሽያጭ ይቆረጥ፤ አናቱ በዚያው ጉድጓድ ይመለስ። በአንድ ዓመትም ሁሉንም ከመቆፈር ከሦስት ረድፍ አንዱን ብቻ በተራ መቆፈር ይሻላል፤ እንዲህ ከሆነ በየዓመቱ የሚሸጥ ሥር አይታጣም። የተቆፈረው ታጥቦ፤ ተቀርድዶ፤ ጥላ ባለበትና ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ ይድረቅ፤ እርጥበት እንደያዘ ከተከማቸ ይሻግታል።

እንግዲህ አገር ገዥና የወረዳ ሹም፤ ባለ እርሻም፤ ለዚህ ተክል ብዙ ወጪ ማውጣት አያስፈልጋቸውም። በየወረዳው ጥቂት መደብ አዘጋጅቶ ሕዝቡ አናት የሚወስድበት ስፍራ ማድረግ፤ ከዱር የሚቆፍረውም አናቱን እንዲመልስ ማስተማር ይበቃል። ለገበሬው ሴት ከቅቤዋ ጋር የምትሸጠው ሌላ ነገር ይሆንላታል፤ እህል ባነሰበት ወራትም ከጓሮዋ የምትቀነጥበው ቅጠል አታጣም።